ስሙ ዘግይቶ የደረሰው ዝሆን

ዝሆን ሲባል በዓይነ ኅሊናችን ድቅን የሚለው በገላጣ ሜዳ ላይ ጆሮውን እያርገበገበ የሚጓዘው ግዙፍ እንስሳ ነው። የእኛው የባቢሌ ዝሆንም የዚሁ የሳቫና ዘር ነው። በኮንጎ ተፋሰስና በምዕራብ አፍሪካ ጥቅጥቅ ደኖች ውስጥ ግን ሌላ ዝሆን አለ። ቁመቱ አነስ ይላል፤ ጆሮው ክብ ነው፤ ጥርሱም ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ለመሆኑ ይህን ዝሆን ዓለም በስሙ ለመጥራት ስንት ዘመን ፈጀበት?

በ1900 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ፓውል ማቺ የተባለ ጀርመናዊ የእንስሳት ተመራማሪ የካሜሩንን የደን ዝሆን ከሳቫናው የተለየ ነው ሲል ጻፈ። የጆሮውን ክብነት አይቶም «ሳይክሎቲስ» አለው። ከእርሱ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ ሊቃውንት ግን የሳቫናው ዝሆን ንዑስ ዝርያ አድርገው ቆጠሩት።

ሊቃውንቱ ስሙን ቢነፍጉትም ነጋዴው ጠንቅቆ ያውቀው ነበር። ከደኑ የሚወጣውን የዝሆን ጥርስ «ጠንካራው» እያለ ከምሥራቁ «ለስላሳ» ይለየው ነበር። የቤልጅጉ ንጉሥ ዳግማዊ ሊዮፖልድ ኮንጎን እንደ ግል ርስቱ በያዘበት ዘመን፣ ከ1885 እስከ 1908 ድረስ፣ ጥርሱ በመርከብ እየተጫነ አንትወርፕ ይራገፍ ነበር። ከዚያም የፒያኖ ቁልፍና የቢሊያርድ ኳስ ሆነ።

በ1989 መንግሥታት ዓለም አቀፉን የዝሆን ጥርስ ንግድ ለማገድ ወሰኑ። ሕገ ወጡ ገበያ ግን «የዝሆን ጆሮ ይስጠኝ» አለ። ከ2002 እስከ 2011 ባሉት ዓመታት ብቻ ከደን ዝሆኖች 62 በመቶው እንዳለቁ በ2013 የወጣ ጥናት አረጋገጠ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በመካከለኛው አፍሪካ ሪፑብሊክ፣ ዝሆኖች ለጨዋማ ውኃ በሚሰበሰቡበት በዛንጋ ገላጣ ስፍራ፣ ታጣቂዎች 26 ዝሆኖችን ገደሉ። በጋቦን የሚንኬቤ ፓርክም በአሥር ዓመት ውስጥ 25 ሺህ ያህል ዝሆኖች ጠፉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሁለቱ ዝሆኖች በአንድ መዝገብ ይቆጠሩ ነበር። በደቡብ አፍሪካ አገሮች ሜዳ ላይ የሚገኘው የሳቫና መንጋ ብዛት የደኑን እልቂት ሸፈነው። በ2001 እና በ2010 የታተሙ የዘረ መል ጥናቶች የሁለቱን መለያየት አሳዩ፤ ልዩነታቸውም በእስያ ዝሆንና በጠፋው ማሞት መካከል ያለውን ያህል ጥንታዊ ሆኖ ተገኘ። ያም ሆኖ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የደኑን ዝሆን ለብቻው የመዘገበው በ2021 ነው። ያኔ በ31 ዓመት ውስጥ ቁጥሩ ከ86 በመቶ በላይ አሽቆልቁሎ፣ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ገብቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ተስፋ የለም ማለት ግን አይደለም። በዚያው ዓመት በጋቦን ከእበት በተወሰደ ዘረ መል የተደረገ ቆጠራ 95 ሺህ ያህል የደን ዝሆኖች መኖራቸውን ገመተ። እነርሱ ካሉ ደኑም አለ፤ የበሉትን ፍሬ ዘር በአሥር ኪሎ ሜትሮች ርቀት ተሸክመው እየጣሉ ዛፍ ይተክላሉና።

የሚያስጨንቀው ጊዜው ነው። አንድሪያ ቱርካሎ የተባለች ተመራማሪ ከ1990 ጀምሮ በዛንጋ ባደረገችው ክትትል፣ የደን ዝሆን የበኩር ግልገሏን የምትወልደው በ23 ዓመቷ ገደማ መሆኑ ታውቋል። ከዚያም በአምስትና በስድስት ዓመት አንዴ ትወልዳለች። ስሟ በተመዘገበበት በ2021 የተወለደች ግልገል፣ ጥይት ካልቀደማት፣ እናት የምትሆነው በ2044 ገደማ ነው።