ሳህኑ ወዴት ዞረ? የነፃ ቴሌቪዥን ታሪክ ከፍስሐ ገነት ሲታይ

ቴሌቪዥን «በነፃ ይታያል» ሲባል ነፃ የሚሆነው ምኑ ነው? እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2002 ፍሪቪው የተባለውን ከምድር ማሠራጫ በአንቴና የሚያዝ አገልግሎት፣ በ2008 ደግሞ ፍሪሳት የተባለውን ከሳተላይት የሚወርድ አገልግሎት ሲያቋቁሙ፣ ለዜጎቻቸው የቀረበው ምርጫ የሸማች ምርጫ ነበር። ዋና ዋናዎቹ ጣቢያዎች በሁለቱም ላይ አሉ፤ ልዩነቱ ከዳር ባሉት ጥቂት ጣቢያዎች ላይ ነው። በእኛ አገር ግን በአንቴናና በሳህን መካከል ያለው ልዩነት ለረጅም ዘመን የፖለቲካ ልዩነት ሆኖ ኖሯል። በአንቴና የሚገባውን የሚመርጠው መንግሥት ነበር፤ በሳህን የሚገባውን የሚመርጠው የቤቱ ባለቤት። (ከዚህ በታች እ.ኤ.አ. ካላልሁ በቀር ዓመታቱ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።)

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ዕለቱ የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ነበር። የቀለም ሥርጭትም የመጣው ኢሠፓ በተመሠረተበትና የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በተከበረበት ሰሞን ነው። አንዱ ለዘውድ፣ ሌላው ለፓርቲ! ልብ በሉ፣ በሁለቱም ጊዜ ቴሌቪዥኑ የደረሰው ለበዓሉ እንጂ ለተመልካቹ አልነበረም። በመጀመሪያ ከአዲስ አበባና ከዙሪያዋ አልፎ አይታይም ነበር፤ ወደ ክፍላተ ሀገር የወጣው ቀስ በቀስ፣ ማሠራጫ በየኮረብታው እየተተከለ ነው።

የምድር ሥርጭት ደግሞ ኮረብታ ይፈራል። ሞገዱ ከማሠራጫው ማማ እስከ ጣሪያው አንቴና ድረስ ከሞላ ጎደል በቀጥታ መተያየትን ይጠይቃል፤ በመካከል ሸንተረር ከገባ ምስሉ በረዶ ይሆናል። የጌዴኦን ምድር ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ከዲላ ተነሥቶ በወናጎና በይርጋ ጨፌ አልፎ ወደ ሐገረ ማርያም በሚወስደው የሞያሌ መንገድ ላይ ፍስሐ ገነትን የምናገኛት በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ተረተር፣ እንሰትና ቡና በዛፍ ጥላ ሥር ተደራርበው በሚበቅሉበት አገር ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህንኑ መልክዓ ምድር ነው። ለቅርስ የተመቸው ዳገትና ቁልቁለት ለአንቴና አልተመቸም። በዚህ መንገድ በተመላለስሁባቸው ዓመታት፣ በአንድ ቡና ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ረጅም የባሕር ዛፍ ግንድ ጫፍ ላይ የታሰረ አንቴና እያዞረ፣ ከውስጥ ያሉት ደግሞ «ተወው! ተወው! አይ፣ ጠፋ!» እያሉ የሁለት ሰዓት ዜና ሲጠብቁ አይቻለሁ። ያን ሁሉ ደክመው የሚያገኙት አንድ ጣቢያ ነበር።

በብዙ የወረዳ ከተሞች መንግሥት ራሱ ሳህን የተከለው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የ«ፕላዝማ» ትምህርት በሳተላይት ሲሠራጭ፣ የሒሳቡም የፊዚክሱም መምህር ከሰማይ ይወርድ ጀመር። ምድር ያስቸገረውን ሥራ ሰማይ ሊያቃልለው እንደሚችል መንግሥት ያን ጊዜ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ የቆመው ሳህን ሌላ ትምህርት ይቀበል ነበር፤ የዓረቦቹን የፊልም ጣቢያዎች፣ አልጀዚራን፣ ኳስን።

ይህ የሆነው ሕጉ ስለከለከለ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 178/1991 የግል ብሮድካስት ይፈቅዳል፤ የተካው አዋጅ ቁጥር 533/1999ም እንዲሁ። ሆኖም ከመጀመሪያው አዋጅ በኋላ ከአሥር ዓመት በላይ የግል ቴሌቪዥን ፈቃድ ያገኘ አልነበረም። በሩ ሳይቆለፍ ተዘግቶ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተነሣው ኢ.ቢ.ኤስ. የመጣው በአሜሪካ በኩል፣ በሳተላይት ነው። ኢሳት በ2002 ዓ.ም. ከውጭ አገር ሆኖ ሲጀምር፣ ኦ.ኤም.ኤን. በ2006 ዓ.ም. ከሚኒያፖሊስ ሲከተል፣ ከምድር ማሠራጫው በጭራሽ የማይሰማ ድምፅ ከጣሪያ ላይ ይሰማ ጀመር። ስለ ይዘታቸው የራሴ ቅሬታ አለኝ፤ የዛሬው ጉዳዬ ግን እሱ አይደለም።

ምላሹ ሰማዩን ማወክ ሆነ። አረብሳት እ.ኤ.አ. በ2014 ሥርጭቱን የሚያውከው ሞገድ የሚነሣው ከኢትዮጵያ ምድር መሆኑን በይፋ አስታወቀ። የአሠራሩን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል፦ በአንድ የሳተላይት ማስተላለፊያ ላይ በርካታ ጣቢያዎች አብረው ይጫናሉ፤ አንዱን ለማፈን ጠንካራ ሞገድ ወደ ላይ ሲለቀቅ ጎረቤቶቹም አብረው ይጠፋሉ። በዚህ ሳቢያ ስለ ኢትዮጵያ ፖለቲካ ሰምቶ የማያውቅ የዓረብ አገር ተመልካች ሳይቀር ጣቢያ ጠፋበት።

በጥቅምት 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ማስፈጸሚያ መመሪያ ኢሳትንና ኦ.ኤም.ኤን.ን መመልከትን ከለከለ። ማሠራጨትን አላልሁም፤ መመልከትን ነው። ይህ ከመሆኑ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ በዲላ፣ በይርጋ ጨፌና በአካባቢው የሰው ሕይወትና ብዙ ንብረት ያጠፋ ግጭት ደርሶ ነበር። እንግዲህ የፍስሐ ገነቱ ሰው በደጁ የሆነውን ከቴሌቪዥን መረዳት ቢፈልግ፣ አንቴናው የሚሰጠው የመንግሥትን ቃል ነው፤ ሳህኑ የሚሰጠው የተከለከለ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው በማያውቀው ቋንቋ የሚናገር ፊልም ነው። በ2010 ዓ.ም. ከጌዴኦና ከምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ሲፈናቀልና የኮቸሬና የገደብ ወረዳዎች በተፈናቃይ ሲጥለቀለቁ፣ የጣቢያው ቁጥር ከቀድሞው እጅግ በዝቶ ነበር። በአገር ውስጥ የግል ፈቃድ መሰጠት ጀምሮ፣ በ2008 ዓ.ም. የመጣው ቃና የቱርክ ድራማ በአማርኛ እያናገረ የየቤቱን ምሽት ይዞት ነበር። መከራው በነበረበት ልክ ግን በቴሌቪዥን ሲነገር አላየሁም። የጣቢያ መብዛትና የራስን ወሬ ከራስ ቋንቋ መስማት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ በጌዴኡፋ የሚነገረውን ለመስማት የሚሻ ሰው ከሳህኑ ይልቅ ሬዲዮኑን መክፈት ይቀለው ነበር።

ክሱም እገዳውም በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ተነሣ፤ የተባረሩትም ጣቢያዎች ወደ አገር ገቡ። ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ፣ በእኔ ግምት፣ ከሁሉ ይልቅ ትልቁ ነው፤ የተጻፈበት ግን ጥቂት ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጣቢያዎች ከናይልሳት ለቀው፣ ኤስ.ኢ.ኤስ. ከተባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ በተከራዩት ሳተላይት ላይ «ኢትዮሳት» በሚል ስም ተሰበሰቡ። ናይልሳት በምዕራብ 7 ዲግሪ፣ ኢትዮሳት በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ናቸው። በፍስሐ ገነት ሰማይ ሲሰላ የመጀመሪያውን የሚያይ ሳህን ወደ ምዕራብ ዞሮ 38 ዲግሪ ያህል ቀና ይላል፤ ሁለተኛውን የሚያይ ወደ ምሥራቅ ዞሮ 67 ዲግሪ ያህል፣ ሰማይን ሽቅብ እንደሚያይ ሰው አንጋጦ። የአገሩ ሳህን ሁሉ በወራት ውስጥ ፊቱን አዞረ! የዲሽ ሠራተኞች እንዲያ ያለ ገበያ አይተው አያውቁም። አቅም ያለው ሁለተኛ ሳህን ጨመረ፤ አቅም የሌለው ከሁለት አንዱን መረጠ፤ ወይ የአገሩን ጣቢያዎች፣ ወይ የለመዳቸውን የዓረብ ፊልሞች። ሳህኑን ማዞሪያ የሠራተኛ ዋጋም የተከፈለው ከተመልካቹ ኪስ ነው፤ «ነፃ» የተባለው ቴሌቪዥን ይኸው ነው።

በዚህ መንገድ የድሮው ልዩነት ተገለበጠ። ሳተላይት ቀድሞ ከመንግሥት እጅ ማምለጫ ነበር፤ አሁን የመንግሥትም፣ የክልልም፣ የግልም ጣቢያዎች ተሰልፈው የሚገኙበት ዋናው አደባባይ ሆኗል። ለኮረብታማ አገር ይህ እውነተኛ ጥቅም አለው፤ ለፍስሐ ገነትና ለቦሌ በአንድ ዓይነት ጥራት የሚደርስ ነገር በአገራችን ብዙ የለም። ነገር ግን የሁሉም መተላለፊያ አንድ ኪራይ ውል ላይ ከተንጠለጠለ፣ ማን ይጫን ማን ይውረድ የሚለውን መወሰን እንደ ቀድሞው ሰማይ ማወክን አይጠይቅም።

የምድር ሥርጭቱስ? አገራት በ1998 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው በአብዛኛው ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ማለፊያቸውን ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. አድርገው ወስነው ነበር። ቀኑ ደረሰ፣ አለፈ፤ እኛ አናሎግ ላይ ነበርን። ዲጂታሉ ቢደርስ በአንድ ተራ አንቴና ብዙ ጣቢያዎችን በአንድ ሞገድ ላይ ጭኖ ማምጣት ይችላል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሳተላይት በተለየ ለአንድ ዞን ብቻ የተለየ ጣቢያ መስጠት ይችላል፤ ሳተላይት ለአንድ ወረዳ ብሎ አይበራም። ጌዴኦ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ነው፤ ዲላም ከክልሉ ማዕከላት አንዷ ሆናለች። ከዲላ በላይ ካሉት ኮረብታዎች በአንዱ ላይ የሚቆም ማሠራጫ፣ ሸለቆውን በሚያሟሉ ጥቂት ትንንሽ ማሠራጫዎች ቢታገዝ፣ እስከ ፍስሐ ገነት ለመድረስ የሚያስቸግረው የገንዘብ ጉዳይ እንጂ የፊዚክስ ጉዳይ አይሆንም ነበር።