ካሳ፣ እርቅ እና «ሰርክል» የሚባለው ነገር



በዚህ የትምህርት ዘመን ቅዳሜ ልጅ ስታደርሱ ከአንዳንዶቻችሁ ተመሳሳይ ጥያቄ ሰምተናል። «ልጄ ከክፍል ጓደኛው ጋር ተጣላ፤ ትምህርት ቤቱ ‹ሪስቶሬቲቭ ሰርክል› አለ ኑ አለን። ምንድን ነው እሱ? ቅጣት ነው? ጠበቃ ያስፈልጋል?» ነገሩ ፍርድ ቤት አይደለም። ስሙ ነው እንጂ እንግዳ፣ ሐሳቡን አብዛኞቻችሁ ከእኛ ከመምህራኑ በላይ ታውቁታላችሁ። ከየት እንደመጣ ብታውቁ ግን እዚያ ስትቀመጡ ይጠቅማችኋል ብለን ይህን ጻፍን።

ዘመናዊው ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከካናዳ ተነስቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በኦንታሪዮ፣ ኤልማይራ በምትባል ትንሽ ከተማ ሁለት ወጣቶች ጠጥተው በአንድ ሌሊት 22 ቦታ ላይ ንብረት አበላሹ። ተያዙ፣ ጥፋታቸውንም አመኑ። ጉዳዩን የያዘው የአመክሮ ሠራተኛ ከአንድ ባልደረባው ጋር ሆኖ ለዳኛው አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ልጆቹ የበደሏቸውን ሰዎች ፊት ለፊት ቢያገኙስ? ዳኛው ፈቀደ። ልጆቹ በየቤቱ በር እያንኳኩ ያጠፉት እነሱ መሆናቸውን ተናገሩ፣ የጉዳቱን መጠን ጠየቁ፣ በጥቂት ወራት ውስጥም ካሳውን ከፈሉ። ይህን ያሰቡት ሰዎች ሜኖናይቶች ነበሩ፤ ጦር መሣሪያ አንነሣም የሚሉ፣ ለእርቅ ትልቅ ቦታ የሚሰጡ ክርስቲያኖች። ሃዋርድ ዜር የተባለው ምሁርም የዚያው እምነት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመው መጽሐፉ ሐሳቡን መልክ አስያዘው። ፍርድ ቤት የሚጠይቀው የትኛው ሕግ ተጣሰ፣ ማን ጣሰው፣ ምን ይገባዋል ብሎ ነው። ዜር ግን ማን ተጎዳ፣ የተጎዳው ምን ያስፈልገዋል፣ ያንን የማሟላት ግዴታስ የማን ነው ብሎ ይጀምራል።

ኒውዚላንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1989 ያጠፋ ልጅ ጉዳይ ቤተ ዘመድ በተገኘበት ስብሰባ እንዲታይ በሕግ ደነገገች። ይህ የመጣው ማኦሪዎች ልጆቻችን ከዘመድ ተነጥለው በባዕድ ሥርዓት ይዳኛሉ ብለው አጥብቀው ስለተከራከሩ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ማን ተጎዳ፣ በምን ይካስ የሚለው ጥያቄ ለእኛ አዲስ ነው እንዴ?

በአገራችን በቀድሞው ልማድ ሰው የገደለ ሰው ዕዳው ለመንግሥት ብቻ አልነበረም። የሟች ቤተሰብ ባለደም ነው፤ ወይ ደም ይመልሳል፣ ወይ የደም ዋጋ ይቀበላል። ኦሮሞው ጉማ ይለዋል፣ ቃሉ አማርኛም ውስጥ ገብቷል። ደም እንዲደርቅ ሽማግሌዎች መሐል ይገባሉ። ደም አድራቂ የሚባሉት እነሱ ናቸው። አንዴ ሄደው አይመለሱም፤ ባለደሙ አሻፈረኝ ሲል ደግመው ደጋግመው ይሄዳሉ። ሁለቱም ወገን ለሽማግሌው ቃል እንዲገዛ ዋስ ይጠራል። የገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ፣ እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ይለምናል። ካሳ ይቆረጣል፤ ገዳዩ ብቻውን ስለማይችለው ዘመድ ያዋጣል። ዘመድ ከኪሱ ሲያወጣ ደግሞ ያንን ሰው ሁለተኛ እንዳያጠፋ ይጠብቀዋል። በመጨረሻ መሐላ አለ፣ አብሮ መብላት አለ።

ይህን ሁሉ የደግነት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት አይገባም። ፖሊስ በሌለበት አገር አንድ ደም ካልደረቀ ለልጅ ልጅ ይተርፋል፤ ማሳ አይታረስም፣ ገበያ አይወጣም። እርቁ መንደሩ በሕይወት የሚቆይበት ዘዴ ነበር።

ልጆቹ የሚወዱት ሌላም ነገር አለ። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው መቆም ነበረበት፤ አላፊ አግዳሚውም ዳኛ ሆኖ እንዲያያቸው ይጠየቅ ነበር። ባለዕዳና ባለገንዘብ ደግሞ እስኪዳኙ ድረስ አንድ ላይ ይታሰራሉ፤ ይህ ቁራኛ ይባላል። ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ» ስንል የምንጠራው ያንን ነው።

ሃይማኖቱም ከዚህ አይርቅም። ወንጌል ወንድሙን ያስቀየመ ሰው መባውን መሠዊያው አጠገብ ትቶ መጀመሪያ እንዲታረቅ ያዛል። ቀራጩ ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ እንጂ ተጸጸትኩ ብሎ ብቻ አልቀረም። ቁርኣንም በሱረቱል በቀራ ስለ ግድያ ሲናገር ለሟች ወገን የይቅርታን በር ይከፍታል፤ ይቅር ያለ ካሳውን በመልካም ይጠይቅ፣ ገዳዩም በመልካም ይክፈል ይላል። በወሎ ደግሞ አበጋር የሚባሉት አስታራቂዎች ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ አስቀምጠው ያስታርቃሉ። በእስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤሎችም የቤተሰብ ጠብ ሲነሣ ዛሬም ሽማግሌ ይጠራሉ።

የጽሑፍ ሕጋችንም አልረሳውም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲወጣ ከአንቀጽ 3307 ጀምሮ ስለ እርቅና ስለ ግልግል ደንግጎ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 የግልና የቤተሰብ ክርክር ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊታይ እንደሚችል ይፈቅዳል። ወንጀል ግን እዚያ ውስጥ የለም።

አሁን ደግሞ ደስ የማይለውን እንናገር፤ ሽምግልናን በማሞገስ ብቻ ብናልፈው ልጆቻችንን እንጎዳለን። ሽማግሌ ሲቀመጥ ሴት አብዛኛውን ጊዜ አትቀመጥም ነበር። የተጠለፈች ልጅ ጉዳይ በሽማግሌ «አለቀ» ይባላል፤ አባት ከብት ይቀበላል፣ ልጅቷ ለጠለፋት ሰው ትሰጣለች። የ1949 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ራሱ ጠላፊው ልጅቷን በሕግ ካገባት እንዳይከሰስ ያደርግ ነበር። ይህ የተነሣው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው በአዲሱ ሕግ ነው። «ድፍረት» የተባለውን ፊልም ያያችሁ ታስታውሱታላችሁ። ዕርቁ ሰፈሩን አሳርፏል፤ የተጎዳችውን ግን ማንም አልጠየቃትም። ዜር «የተጎዳው ምን ያስፈልገዋል» ብሎ የሚነሣው ለዚህ ነው። የእኛ ሽምግልና ብዙ ጊዜ የሚነሣው ግን «ሁለቱ ቤቶች እንዴት ይታረቁ» ከሚለው ነው። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ወደ ሰርክሉ ስትሄዱ ይህንን ያዙ። የተጎዳው የእናንተ ልጅ ከሆነ እምቢ ማለት ይችላል። «በቃ ይቅር በለው፣ ጓደኛህ ነው» ብላችሁ እናንተም አትግፉት፤ ይቅርታ ተለምኖ የሚሰጥ እንጂ የሚታዘዝ አይደለም። ተደጋጋሚ ማስፈራራት ወይም አካልን መንካት ካለበት ደግሞ ከሰርክሉ በፊት ትምህርት ቤቱ ልጁን እንዴት እንደሚጠብቀው በጽሑፍ ጠይቁ።

ያጠፋው ልጃችሁ ከሆነ አንድ ነገር ያስቸግራል። በእኛ ቤት ልጅ በትልቅ ፊት አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል፤ ይህ ጨዋነት ነው። እዚያ ግን ቀና ብሎ፣ ዓይን እያየ፣ በራሱ አፍ «እኔ ነኝ» እንዲል ይጠበቃል። ያቀረቀረውን ልጅ «ግድ የለውም» ብለው የተረጎሙበት ጊዜ አለ። ይህን ለመምህሩ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ልጁንም ቤት ውስጥ አለማምዱት፣ ግን ስለ እሱ አትናገሩለት። ጉዳዩ ፖሊስ ዘንድ የሚደርስ ከመሰላችሁ እዚያ የሚናገረው ነገር ይጻፋል ወይስ አይጻፍም ብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በአሜሪካ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ይህን በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ልጁ የራሱን ጉዳይ ለእናቱ እያስተረጎመ መቀመጥ የለበትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ትልልቆቹ ክፍል «በደል»፣ «ካሳ»፣ «ዋስ» እና «እርቅ» የሚሉትን ቃላት ይማራሉ። አያት ያላችሁ ልጆቹን አስደውሉልን፤ በእነሱ አገር ሽማግሌ ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚናገረው ማን ነበር? የተበደለው ነው ወይስ የበደለው? መልሱን በአማርኛ ጽፈው ይምጡ፣ በሦስት መስመርም ይሁን።