የአየር ንብረት ጭንቀት

የአየር ንብረት ጭንቀት የምድር ሙቀት መጨመር፣ እንዲሁም ድርቅ፣ ጎርፍና ሰደድ እሳት የሚቀሰቅሱት ስጋት፣ ሐዘን፣ ቁጣና የአቅመ ቢስነት ስሜት ነው። መነሻው እውነተኛ አደጋ በመሆኑ በራሱ እንደ አእምሮ ሕመም አይቆጠርም፤ እንቅልፍ ሲነሳና ትምህርትን ወይም ሥራን ሲያውክ ግን የባለሙያ እርዳታ ያሻዋል።

ስርጭት፦ በ2021 እ.ኤ.አ. ላንሴት ፕላኔተሪ ሄልዝ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በ10 አገሮች የሚኖሩ ከ16 እስከ 25 ዓመት የሆኑ 10,000 ወጣቶችን ጠይቋል። 59 በመቶዎቹ ክፉኛ እንደሚሰጉ፣ ከ45 በመቶ የሚበልጡት ደግሞ ስሜቱ የዕለት ኑሯቸውን እንደሚጎዳ ተናግረዋል። ጭንቀቱ፣ መንግሥታት በቂ እርምጃ አልወሰዱም ከሚል እምነት ጋር ተያይዞ ተገኝቷል።

ዝምታና ቸልታ፦ ሰው አደጋውን እያወቀና እየተጨነቀም እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ ይችላል። ካናዳዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሮበርት ጊፎርድ በ2011 እ.ኤ.አ. ሰዎችን ከተግባር የሚያግዱ እንቅፋቶችን በ7 ምድቦች ከፍሏቸዋል፤ ከነዚህም መካከል የአስተሳሰብ ውስንነት፣ ራስን ከሌሎች ጋር ማነጻጸርና በባለሙያዎች ላይ እምነት ማጣት ይገኛሉ።

መቋቋሚያ፦ ተመራማሪዋ ማሪያ ኦያላ በስዊድን ሕፃናትና ወጣቶች ላይ ያደረገቻቸው ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ጉዳዩን ማቃለል ለተግባር አያነሳሳም፤ መፍትሔ ፍለጋ ብቻውን ደግሞ ጭንቀትን ሊያከብድ ይችላል። ስጋትን ሳይክዱ ተስፋን መያዝና ሌሎችም እየጣሩ መሆኑን ማመን ግን አእምሮንም ተግባርንም ይደግፋል። ስለዚህ ወላጆችና መምህራን የልጆችን ስጋት ማጣጣል የለባቸውም፤ ሊያዳምጧቸውና በጋራ ሥራ ሊያሳትፏቸው ይገባል።