«እርምጃ»፦ የደርግ መንግሥት ወደ ሽብር ያደረገው ጉዞ በአንድ ቃል ታሪክ ሲታይ

ደርግ ከሰኔ 1966 ዓ.ም. ጀምሮ በአዋጅ፣ በራዲዮና በጋዜጣ ያሰራጨው አማርኛ በአመዛኙ የመንገድና የጉዞ አማርኛ ነው። የመጀመሪያው መፈክር «ኢትዮጵያ ትቅደም» ሲሆን ግሱ «ቀደመ» ነው። ከአብዮቱ ጎን የቆመ «ተራማጅ» ተባለ፤ የተቃወመ ደግሞ ከግዕዙ «ድኅረ» በወጣ ቃል «አድኃሪ»፣ ማለትም ኋላ የቀረና ሌላውንም ወደ ኋላ የሚጎትት ተባለ። በዚሁ የጉዞ ሥዕል ውስጥ ያለ ፍርድ ሰውን መግደል «እርምጃ» የሚል ስም አገኘ። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ስያሜው ነውርን መሸፈኛ ብቻ እንዳልነበረ ነው። ቃሉ ዳኛውን ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ አስወጥቷል፤ ዳኛው ከመንግሥቱ አሠራር የወጣውም በዚያው ሰሞን ነው።

«ተራማጅ» እና «እርምጃ» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ ሥሩ ር-ም-ድ ነው። በ«ተራመደ» ውስጥ የሚሰማው /ድ/ በባለ ድርጊቱ ስምም ሆነ በድርጊቱ ስም ወደ ላንቃ ተስቦ /ጅ/ ይሆናል። ተናጋሪው ዝምድናውን ሳይማር ያውቀዋል። ስለዚህ «ተራማጁ መንግሥት አብዮታዊ እርምጃ ወሰደ» የሚል አገላለጽ ለጆሮ የተስማማ ነው፤ የሚራመድ ይራመዳል፣ እርምጃውም የተፈጥሮ ሥራው ነው። «ገደለ»፣ «ሰቀለ» ወይም «ረሸነ» የሚሉት ግሶች ይህን ማድረግ አይችሉም፤ እያንዳንዳቸው ገዳይና ሟች ይፈልጋሉ።

አሁን ወደ ታሪኩ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከዙፋን ያወረደው አዋጅ ቁጥር 1 የ1948ቱን ሕገ መንግሥት አገደ፤ የሥራ ማቆም አድማንና ሰልፍንም ከለከለ። ኅዳር 7 ቀን ልዩ የጦር ፍርድ ቤትና ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአዋጅ ተቋቋሙ። ይኸው ሕግ ከወጣ አንድ ሳምንት በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን ሌሊት፣ የቀድሞዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን የሚገኙባቸው ወደ 60 የሚጠጉ ባለሥልጣናትና መኰንኖች ሞቱ። አብዛኞቹ በአዲስ አበባ ከርቸሌ ተረሸኑ፤ ጄኔራል አማን አንዶም በዚያው ሌሊት በቤታቸው በተደረገ ተኩስ ሕይወታቸው አለፈ። ልብ መባል ያለበት ልዩው ፍርድ ቤት በአዋጅ ቆሞ ሳለ ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ፊቱ አለመቅረቡ ነው። ሕግ ባለመኖሩ አልተገደሉም፤ ለእነርሱ ሲባል የተጻፈው ሕግ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ታለፈ።

እዚህ ላይ ሁለት የአማርኛ አነጋገሮችን ማነጻጸር ይጠቅማል። «ፈረደ» የሚለው ግስ ሁለት መንገድ አለው፦ «ፈረደለት» እና «ፈረደበት»። የጥንቱ ተሟጋች ዳኛው ፊት ሲቆም ከሁለቱ የትኛው እንደሚደርስበት አያውቅም፤ ዳኝነት የሚባለውም ይኸው አለማወቅ ነው። «እርምጃ» ግን አንድ መንገድ ብቻ አለው፤ «እርምጃ ተወሰደበት» ይባላል፣ «እርምጃ ተወሰደለት» ለጆሮ እንግዳ ነው። ጉዳትን የሚያመለክተው «-በት» ከመነሻው የታሰረ ነው፤ ማለትም ውጤቱ ከምርመራው በፊት በሰዋስው ተወስኗል። በዚያ ላይ ግሱ ተገብሮ ነው። የዐረፍተ ነገሩ ባለቤት «እርምጃ» ይሆናል፤ ወሳጁ አይጠራም፣ ባለመጠራቱም ምንም የጎደለ አይመስልም።

ሁለተኛው ቃል «ጊዜያዊ» ነው። አገዛዙ ራሱን «ጊዜያዊ ወታደራዊ መንግሥት» ብሎ ሰይሞ በዚሁ ቅጽል እስከ 1979 ዓ.ም. መጨረሻ፣ 13 ዓመት ያህል ቆየ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በይፋ የታወጀው በተወሰኑ ቦታዎችና ወራት ነው፤ ለምሳሌ በ1967 በኤርትራ፣ በመስከረም 1968 ከሠራተኛ ማኅበራቱ ጋር በተፈጠረው ግጭት ሳቢያ በአዲስ አበባ። የአዲስ አበባው ከጥቂት ወራት በኋላ ተነሣ። ይሁንና ሕገ መንግሥቱ ታግዶ በምትኩ ሌላ ሳይተካ፣ «ጊዜያዊ» የሚለው ቅጽል ብቻውን የአስቸኳይ ጊዜን ሥራ ይሠራ ነበር። የፈረንሳይን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 10 ቀን 1793 የወጣውን ድንጋጌ ያስታውሳል፤ መንግሥት እስከ ሰላም ድረስ አብዮታዊ ሆኖ እንዲቆይ፣ ሕገ መንግሥቱም እስከዚያው እንዲቆም ተወስኖ ነበር። በዚያም ሥልጣኑን የያዘው «ኮሚቴ» ነበር፤ «ደርግ» የተባለው የግዕዝ ቃልም ትርጉሙ ይኸው ነው።

ከ1968 ዓ.ም. ሚያዝያ ወዲህ ያለው ታሪክ የታወቀ በመሆኑ ባጭሩ እናልፈዋለን። የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ታወጀ። ኢሕአፓና መኢሶን በአዲስ ዘመን «አብዮታዊ መድረክ» አምድ ተከራከሩ፤ ሁለቱም «ተራማጅ» የሚለውን ስም ለየራሳቸው ይሉ ነበር። መስከረም 13 ቀን 1969 ዓ.ም. በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ። ኢሕአፓ በከተማ የቀበሌ ሹማምንትንና የመኢሶን ሰዎችን ገደለ፤ ይህንን መንግሥት «ነጭ ሽብር» አለው። ጥር 26 ቀን የደርጉ ሊቀ መንበር ተፈሪ በንቲ ከሌሎች አባላት ጋር በገዛ ጓዶቻቸው ተገደሉ። በመጋቢት የቤት ለቤት አሰሳ ተካሄደ፤ ሚያዝያ 9 ቀን መንግሥቱ በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሰበረ። እ.ኤ.አ. በ1918 በሌኒን ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በቀናት ውስጥ በሞስኮ የወጣው የቀይ ሽብር ድንጋጌ ለስሙም ለአካሄዱም አርአያ ሆኗል።

«ሽብር» በቀድሞው አማርኛ ሰው ላይ የሚወርድ ሁኔታ ነው፤ ገበያ ይሸበራል፣ ሠራዊት ይሸበራል። «ቀይ ሽብር ይፋፋም» የሚለው መፈክር ይህን የድንጋጤ ስም የመንግሥት ሥራ ስም አደረገው። ከዚህ ሁሉ ግን የከፋው በእኔ አስተያየት «ነፃ እርምጃ» ነው፤ ለቀበሌ አብዮት ጥበቃ ጓዶች ማንንም ሳያስፈቅዱ የመግደል ፈቃድ የተሰጠበት ስም። በችሎት ቋንቋ «ነፃ» የተከሳሹ ቅጽል ነው፤ ጥፋት ያልተገኘበት «ነፃ ወጣ»፣ «በነፃ ተሰናበተ» ይባላል። አሁን ቅጽሉ ከተከሳሹ ተነጥቆ ወደ ገዳዩ ዞረ፤ ነፃ የሆነው ተጠርጣሪው ሳይሆን መግደሉ ነው።

ይህ ጥናት በጅቡቲ ከተማ መዘጋጀቱ ለማነጻጸር ረድቷል። ጅቡቲ ነፃ የወጣችው እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 1977፣ ማለትም አዲስ አበባ በሽብሩ መካከል ሳለች፣ የኦጋዴን ጦርነትም ሊፈነዳ ሲቃረብ ነው። ከሽብሩና ከጦርነቱ የሸሹ ኢትዮጵያውያን ወደዚህ ከተማ፣ ወደ ዲኪልና ወደ አሊ ሳቢህ መጠለያዎች ገብተዋል። እዚህ የሚነገረው ሶማልኛም «ተላቦ» የሚለውን ቃል ለእግር እርምጃም ለመንግሥት እርምጃም ይጠቀማል፤ ዘይቤው ከአማርኛው ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ በግሱ ላይ ነው። ሶማልኛ አድራጊው ባልታወቀ ጊዜ «ላ» የተባለውን ተውላጠ ስም ያስገባል፤ ይህም ስሙ አይጠራ እንጂ አድራጊው ሰው መሆኑን ይናገራል። የአማርኛው «ተ-» ይህን አያስገድድም፤ በር በነፋስ ቢዘጋም «ተዘጋ» ነው። አፋርኛን ለሚያጠኑ ባልደረቦች ጥያቄውን ትቼላቸዋለሁ።

ከ1984 ዓ.ም. በኋላ ልዩ ዐቃቤ ሕግ የደርግን ባለሥልጣናት ሲከስስ የገጠመው ሥራ ከፊሉ የሰዋስው ሥራ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የወንጀል ክስ «እርምጃ ተወሰደበት» በሚል ዐረፍተ ነገር ሊቆም አይችልም፤ አድራጊውን በስም፣ ተጎጂውን በስም፣ ቀኑንና ቦታውን ይጠይቃል። ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. የተጀመረው ችሎት ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. መንግሥቱን በሌሉበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ሲል፣ የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 የፖለቲካ ቡድንንም ስለሚያካትት ነበር። ማስረጃው በአመዛኙ ከአገዛዙ የራሱ መዝገብ ቤቶች የተገኘ ነው፤ ዝርዝሮች፣ የትእዛዝ ደብዳቤዎች፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎች። በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ከዐረፍተ ነገሩ የጠፋው አድራጊ ከገጹ ግርጌ፣ በፊርማና በማኅተም ይገኛል።