የኮተሌት ጎድን

ሐዋሳ ላይ ከቡሹሎ ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ አሞራ ገደል፣ ለምሳ የወጣ ሰው ከዓሣው ጎን ሁለት እንግዳ ስሞች ይጠብቁታል፤ ጉላሽና ኮተሌት። ጉላሽ ሀንጋሪኛ ነው፤ «ጉያሽ» የከብት እረኛ ማለት ነው። የሐይቅ ዓሣ በእረኛ ስም ይጠበሳል!

ኮተሌት የበለጠ ዞሯል። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ አጥንቱ ይወጣለታል፤ ሥጋው ተዘርግቶ እንቁላልና የዳቦ ፍርፋሪ ለብሶ የጋለ ዘይት ውስጥ ይገባል፤ ከዳጣ ጋር ይቀርባል። አጥንት አልቀረለትም፤ ስሙ ግን አጥንት ነው። በላቲን «ኮስታ» ጎድንም ጎንም ነው፤ የግእዙ «ገቦ» እንደዚያው። ፈረንሳይኛ «ስ»ን ውጦ «ኮት» አለ፤ ሲያሳንሰው «ኮትሌት»፣ ትንሽ ጎድን። ጣሊያንኛ ይህንኑ ተበድሮ «ኮቶሌታ» አደረገው። ብድር መሆኑ የሚታወቀው በጎደለችው «ስ» ነው፤ የራሱ የጣሊያንኛ ጎድን «ኮስቶላ» ነውና።

የእኛው ከማን መጣ? ፓስታ፣ ሳልሳ፣ ማኪያቶ የመጨረሻ አናባቢያቸውን እንደያዙ ገብተዋል፤ ኮተሌት ግን የለውም። ለገሀርን የሰጠን ፈረንሳይኛ ይመስለኛል።

ወደ ምሥራቅ የሄደው በእንግሊዝኛ በኩል ነው። «ከትሌት» ሲባል «ከት»፣ መቁረጥ፣ ያለበት ይመስላል፤ ዝምድና የላቸውም። ጃፓኖች «ካትሱሬትሱ» ብለው ወሰዱት፤ በቶኪዮ ጊንዛ ሬንጋቴይ የተባለው ምግብ ቤት በ1899 እ.ኤ.አ. በአሳማ ሥጋ እንደጀመረው ይነገራል። ከዚያ ቃሉ ተቆረጠ፤ «ካትሱ» ብቻ ቀረ፤ ፊቱ ላይ «ቶን»፣ አሳማ፣ ተቀጠለ። ኮሪያ ሲደርስ «ቶን» የሚጻፍበት ያው የቻይና ፊደል «ዶን» ተብሎ ተነበበ፤ «ትሱ» ለኮሪያ አፍ ስለማይመች «ስ» ሆነ፤ ዶንካስ። ሥጋው ተደብድቦ ሳሕኑን እስኪሞላ ይሰፋል፤ ቡናማ ስጎ ይፈስበታል። ከጎድን የቀረው «ካስ» ብቻ ነው።

እኛ ዘንድ አሳማው ከብዙው ክርስቲያንም ከሙስሊሙም ማዕድ የራቀ ነው፤ የአሞራ ገደሉ ኮተሌት ዓሣ ነው። ዓሣና አሳማ በአማርኛ ጆሮ ወንድማማች ይመስላሉ። ትግርኛ ግን የጉሮሮ ድምፆቹን ስላልቀላቀለ ያጋልጣቸዋል፤ «ዓሳ» በዓይኑ ዐ፣ «ሓሰማ» በሐመሩ ሐ። ግእዝ ደግሞ አሳማን «ሐራውያ» ይለዋል፤ የመጽሐፍ ቅዱሱ «እርያ» የዚህ ልጅ ነው፤ ሐውን ጥሎ የቀረ።