የዕጣን ዛፍና የቅርንጫፍ ተከላ

ዕጣን በቤተ ክርስቲያንም ሆነ በቡና ረከቦት አጠገብ ሲጨስ መዓዛው ሁላችንንም ደስ ያሰኘናል። ነገር ግን መዓዛው ስለሚገኝበት ዛፍ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ከመተማ እስከ አብደራፊ በተዘረጋው ቆላ የሚበቅለውን ይህን ዛፍ የዕፀዋት ሊቃውንት ቦስዌልያ ፓፒሪፌራ ይሉታል። ፓፒሪፌራ ማለት ወረቀት ተሸካሚ ማለት ነው፤ ልጡ እንደ ወረቀት እየሳሳ ይላጣልና።

ታሪኩ ረዥም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት የግብፅ ንግሥት ሐትሼፕሱት መርከቦቿን ወደ ፑንት ሰደደች። ደይር ኤል ባሕሪ በሚባለው ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ሰዎች የሽቱ ዛፎችን ከነሥራቸው በቅርጫት ተሸክመው ሲሄዱ ተቀርጾ ይታያል። ንግሥቲቱ ዕጣኑን ብቻ ሳይሆን ዛፉንም ፈለገች ማለት ነው።

እኛ ግን ዛፉን ሳንተካ ዕጣኑን ስንለቅም ኖርን። በመተማ አካባቢ ተጠንቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 የታተመ ምርምር እንደገለጸው፥ ዘሩ ቢበቅልም ችግኙ አድጎ ለዛፍነት አይደርስም፤ ትልልቆቹም ዛፎች በጥንዚዛ እየተበሉ ይሞታሉ። ሁኔታው ካልተለወጠ በ50 ዓመት ውስጥ ከመቶው ዘጠናው እንደሚጠፋ ተገምቷል። እሳት፥ ልቅ ግጦሽና የእርሻ መስፋፋትም ጉዳቱን ያባብሱታል።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱ ለገበሬው እንግዳ አይደለም። ሸንኮራ አገዳ፥ ወይን፥ የስኳር ድንች ሐረግና ለአጥር የሚሆነው ቅንጭብ የሚራቡት ከግንዳቸው በተቆረጠ ቁራጭ ነው። ቁራጩ እርጥበት ባገኘ ጊዜ ከአንጓው ወይም ከቁስሉ አጠገብ አዲስ ሥር ያወጣልና። የዕጣን ዛፍም እንዲሁ ቅጠል ከሌለው ቅርንጫፍ ሊራባ እንደሚችል በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 የታተመ ሙከራ አሳይቷል። ይኸውም ሙከራ ቅርንጫፉ የሚቆረጥበት ጊዜና የቁራጩ መጠን ውጤቱን እንደሚለውጡት አረጋግጧል።

ስለዚህ በቤቱ አጠገብ ለመሞከር የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የግብርና ባለሙያ ያማክር፤ የደኑንም ባለቤት ያስፈቅድ። ዛፉ ቅጠሉን ባራገፈበት በበጋ ከጤነኛ ዛፍ ቅርንጫፍ ይቁረጥ፤ የላይኛውን ጫፍ ወደ ታች ሳይገለብጥ ውኃ በማይቋጥር አፈር ይትከል፤ ከብት እንዳይደርስበትም ይጠር። ከአንድ ዛፍ የተወሰደ ቁራጭ ሁሉ የእናቱን ጠባይ ብቻ ይዞ ስለሚያድግ፥ አንድ በሽታ ሁሉን እንዳይጨርስ ከብዙ ዛፎች ጥቂት ጥቂት መውሰድ ይገባል።

ክቡራን አንባብያን፤ የሚተክል ሰው ከሌለ የሚለቀም ዕጣን አይኖርም። ከአባቶቻችን የተረከብነውን ዛፍ ለልጆቻችን እናስረክብ ዘንድ ሥራው ዛሬ ይጀመር።