ግራካሱን የሚወጣ ሞተር፦ ዳገት ጋራዥን ምን አስተማረው?

ከወልዲያ ወደ ሰሜን ስትጓዙ መንገዱ በጎብዬና በሮቢት አድርጎ ወደ ቆቦ ይወርዳል። ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ፣ ማሽላ በሚበቅልበት ሰፊና ሞቃት ሜዳ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሜዳው በዋጃ አልፎ እስከ አላማጣ ይዘልቃል። ከአላማጣ በኋላ ግን ሜዳ የሚባል ነገር የለም፤ ፊት ለፊት ግራካሱ ተገትሯል። መንገዱ እየተጠማዘዘ፣ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ርቀት ውስጥ 1,000 ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥቶ፣ 2,500 ሜትር ላይ ካለችው ኮረም ይደርሳል።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያለ ዳገት ሲገኝ ሰው በመኪና ይወዳደርበታል። በእንግሊዝ አገር ሼልስሊ ዎልሽ የሚባለው ቦታ ከ1905 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዳገት ውድድር የሚካሄድበት ነው፤ ርዝመቱ 914 ሜትር ብቻ ነው። በአሜሪካ የሚገኘው የፓይክስ ፒክ ውድድር ደግሞ በ1916 (እ.ኤ.አ.) ተጀመረ። እሱ 20 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ 156 ኩርባ ያለው፣ ከመነሻ እስከ ጫፍ 1,440 ሜትር የሚያስወጣ መንገድ ነው። በእንዲህ ያሉ ውድድሮች ከሚሰለፉት ብዙዎቹ በዚህ እንጀራ የሚበሉ ሰዎች አይደሉም። ሳምንቱን በሌላ ሥራ ውለው፣ ማታ ማታ በግል ጋራዣቸው ሞተር አውርደውና አድሰው የሚመጡ አማተሮች ናቸው።

ግራካሱን ለዋንጫ ብሎ የሚወጣ የለም። ነገር ግን በርዝመት ከፓይክስ ፒክ ጋር የሚስተካከለው ይህ ዳገት ከ80 ዓመት በላይ ሞተር ሲፈትን ኖሯል። ተፈታኞቹ የጭነት መኪኖች ናቸው። የውድድሩ ሜካኒክ ሞተር የሚያድሰው ሰከንድ ለመቀነስ ነው። የኛው ሜካኒክ የሚያድሰው ሞተሩ ዳገቱ እስኪያልቅ ሳያርፍ እንዲሠራ ነው። ሁለተኛው ፈተና ከመጀመሪያው ይቀላል ብላችሁ ካሰባችሁ፣ እስቲ ታሪኩንም ሒሳቡንም አብረን እንየው።

ሞተሩ በየት በኩል መጣ?

ወደ አዲስ አበባ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ መኪኖች አንዷ በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ከጅቡቲ በኩል አምጥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ያሳያት ሲድሊ ናት። ከዚያ በኋላ መኪና ለብዙ ጊዜ የቤተ መንግሥትና የከተማ ነገር ሆኖ ቆየ። ወደ ራያና ወሎ ሞተር በብዛት የገባው በጦርነት ነው። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከኮረም በስተሰሜን ተካሄደ። ሚያዝያ 7 ቀን ጣልያኖች ደሴን ያዙ። ሚያዝያ 18 ቀን ከደሴ የተነሳውና ከ1,500 በላይ መኪኖች የነበሩት የባዶሊዮ ሠራዊት ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ።

የወራሪው ጦር ስንቅም ጥይትም ከምጽዋ ወደብ ተነስቶ፣ አስመራን አልፎ፣ ተራራ ለተራራ በጭነት መኪና ነበር የሚመጣው። ስለዚህ መንገዱን ለመሥራት ጊዜ አልፈጀበትም። ዛሬ በቆቦ የሚያልፈው የአዲስ አበባ–አስመራ አውራ ጎዳና በአብዛኛው የዚያ ዘመን ቅየሳ ነው።

በመንገዱ ላይ ከተመላለሱት መኪኖች ዋነኛው ፊያት 634 ነው። በ1931 (እ.ኤ.አ.) የተሠራ፣ ስድስት ሲሊንደርና 8.3 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያለው፣ ጉልበቱ ግን 75 ፈረስ ገደማ ብቻ የሆነ ከባድ መኪና ነበር። «ትሬንታ ኳትሮ» የሚለው የድሮ ስም ከዚሁ ቁጥር መጨረሻ የመጣ ነው፤ በጣልያንኛ ሠላሳ አራት ማለት ነው። ላንቻ ሮ የሚባለው ደግሞ ሁለት ሲሊንደር ብቻ ነበረው። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ውስጥ ግን ሁለት ፒስተኖች ፊት ለፊት እየተጋጠሙ ይሠሩ ነበር።

ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ መንገዱ ቀረ፤ የጋራዡ ቋንቋም ቀረ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ቢየላ፣ ጓርኒሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናፍጣ… እነዚህን ቃላት ጣልያንኛ አንድም ቀን ያልተማረ ሜካኒክ በየቀኑ ይናገራቸዋል። ለታሪክ ተመራማሪ ይህ ራሱ ሰነድ ነው። ሙያው በማን እጅ እንደገባ ይነግረናል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ያለ ትምህርት ቤት፣ በአፍና በእጅ፣ ከአለቃ ወደ ረዳት ሲተላለፍ እንደኖረ ይመሰክራል።

በ1950 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ባንክ ለኢትዮጵያ ለመንገድ ጥገና 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ። ይህ ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው የመጀመሪያዎቹ ብድሮች አንዱ ነው። በተከታዩ ዓመት የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በ1952 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ፊያት 682 የተባለውን መኪና ማምረት ጀመረ። የዚህ መኪና ሦስተኛው ዓይነት፣ 11 ሊትር ተኩል ገደማ ሞተር ያለው ኤን 3፣ በኛ አገር «ኤንትሬ» ተብሎ የታወቀው ነው።

የዳገቱ ሒሳብ

እስቲ ከነጭነቱ 10 ቶን የሚመዝን ትሬንታ ኳትሮ ከአላማጣ ኮረም ይውጣ እንበል። 10 ቶን 1,000 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት ብቻ 98 ሜጋ ጁል ጉልበት ያስፈልጋል። 75 ፈረስ ማለት 55 ኪሎ ዋት ነው። አንድም ጉልበት ሳይባክን፣ ሞተሩ እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ ሥራው ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። የጎማና የማርሽ ሰበቃ ሲጨመር፣ ከፍታው የሚሰርቀው ሲቀነስ፣ ግማሽ ሰዓቱ ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል።

አሁን ከውድድሩ ጋር አስተያዩት። ሼልስሊ ዎልሽ ላይ ፈጣኖቹ መኪኖች ከ25 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሳሉ። ፓይክስ ፒክ ላይ እንኳ ጎበዞቹ 10 ደቂቃ አይፈጅባቸውም። የውድድር ሞተር ሥራው ቶሎ ያልቃል። የጭነት መኪናው ግን ሙሉ ጉልበቱን እያወጣ፣ በዝቅተኛ ማርሽ፣ የሚያበርደው ነፋስ በሌለበት ፍጥነት፣ ላንድ ሰዓት ይታገላል።

ሙቀቱን እናስላው። የዚያ ዘመን ናፍጣ ሞተር ከነዳጁ ሲሶውን ገደማ ወደ ሥራ ይለውጣል፤ ሲሶው በጭስ ይወጣል፤ ሲሶው ወደ ራዲያተሩ ውሃ ይገባል። ስለዚህ ለማንሳት ከዋለው 98 ሜጋ ጁል ጋር የሚቀራረብ ሙቀት ውሃው ውስጥ ይገባል ማለት ነው። ራዲያተሩ ይህን ለአየር መስጠት ቢያቅተው፣ ሙቀቱ ከ40 ሊትር በላይ የፈላ ውሃ አትንኖ ይጨርሳል።

በዚያ ላይ ውሃ በከፍታ ቶሎ ይፈላል፦ ቆቦ ላይ በ95 ዲግሪ ገደማ፣ ኮረም ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ። መኪናው ከሞቃቱ ሜዳ ግሎ ይነሳል፤ ሽቅብ በወጣ ቁጥር ደግሞ የመፍያው ነጥብ ወደ ታች ይመጣለታል። የራዲያተር ክዳን በደንብ ገጥሞ ግፊት ሲይዝ የመፍያውን ነጥብ ከ10 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። የክዳኑ ጎማ ካረጀ ግን ይህ ጥቅም የለም። ኩርባ ላይ ኮፈኑን ከፍቶ፣ እንፋሎት እያወጣ የቆመ መኪና፣ ከጎማው ሥር ታኮ የሚያስገባ ረዳት… የዚህ ሒሳብ መልስ ነው።

ስስ አየር

ሁለተኛው ሌባ አየሩ ነው። 1,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊት የባሕር ጠለሉ 83 በመቶ ገደማ ነው፤ 2,500 ሜትር ላይ 74 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሞተር አየር ካነሰው ነዳጅ የማቃጠል አቅሙም በዚያው ልክ ያንሳል።

ይህንን በግልጽ ያሳየው ሙከራ የተካሄደው የውድድሩ ተራራ ፓይክስ ፒክ ጫፍ ላይ ነው። በ1918 (እ.ኤ.አ.) የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር እዚያ አወጣው። ባሕር ጠለል ላይ 350 ፈረስ የነበረው ሞተር ጫፉ ላይ 230 ፈረስ ሆነ። ሞስ በጭሱ ኃይል የሚሽከረከር አየር መግፊያ፣ ዛሬ ተርቦ የምንለውን፣ ሲገጥምለት 356 ፈረስ ሰጠ። ትሬንታ ኳትሮም ኤንትሬም ይህ ተርቦ አልነበራቸውም።

ተርቦ ለሌለው የናፍጣ ሞተር መፍትሔው ፖምፓው ላይ ነው። ፖምፓው ለባሕር ጠለል የተለካ ነዳጅ ከረጨ፣ የሚያቃጥለው አየር ስለሚያንስ ጥቁር ጭስ ይወጣል። ጥቁር ጭስ ጉልበት አይደለም፤ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው። ያ ነዳጅ ቫልቭና የፒስተን ጫፍ ያነዳል፣ ዘይቱንም ያቀጥናል። ስለዚህ የደጋ መንገድ ሜካኒክ ፖምፓውን ቀነስ ያደርገዋል። ሹፌሩ «ጉልበት ቀነስክብኝ» ይል ይሆናል፤ ሞተሩ ግን ዕድሜ ያገኛል።

ሞተር ሲወርድ

ሞተር አውርዶ ማደስ በሁለቱም ዓለም በአንድ ሥራ ይጀምራል፦ በመለካት። ቴስታታው ተነስቶ መጣመሙ በቀጥ ያለ ብረት ይታያል። ሙቀት ያጣመመውን ቴስታታ አዲስ ጓርኒሲዮን አያድነውም፤ መስተካከል አለበት። ከዚያ ሲሊንደሩ ይለካል። የሚበላው በብዛት ከላይ፣ የፒስተኑ ቀለበት ከሚመለስበት ቦታ ላይ ነው። ግፊቱ የሚበረታው፣ ዘይቱ የሚሳሳው እዚያ ስለሆነ ነው። የራያ ሜዳ አቧራ አየር ማጣሪያውን አልፎ ከገባ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ክራንክ ሻፍቱ ከቆሰለ በ0.25 ሚሊ ሜትር ደረጃ ይሞረዳል፤ የቀነሰውን ያህል የወፈረ ኩሽኔታ ይገባለታል።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ይለያያል። የውድድሩ ሰው ፒስተንና ቢየላዎቹን እስከ ግራም ድረስ በሚዛን ያስተካክላል። ምክንያት አለው፦ የክብደት ልዩነት የሚፈጥረው መናወጥ በፍጥነቱ ስኩዌር ነው የሚያድገው። በደቂቃ 8,000 ጊዜ የሚዞር ሞተር 2,000 ከሚዞረው 16 እጥፍ ይናወጣል። የኛው ሜካኒክ ስለ ግራም ብዙ አይጨነቅም፤ የሱ ጭንቀት የውሃ መተላለፊያው ነው። በየመንገዱ ከጉድጓድና ከወንዝ የተሞላ ውሃ ብረቱ ላይ ኖራ ይጥላል። ኖራ ደግሞ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከብረት በብዙ አሥር እጥፍ ያነሰ ነው። ሞተሩን አሳምሮ ፈትቶ፣ ይህን ኖራ ሳይጠርግ የገጠመ ሰው፣ መኪናውን ግራካሱ ላይ መልሶ ያገኘዋል።

በመጨረሻ ሮዳጅ አለ። አዲስ ቀለበትና አዲስ ሲሊንደር እስኪላመዱ ድረስ ሞተሩ ሙሉ ጭነት ባይሸከም ይሻላል። ቆቦ ላይ ይህ ምክር ከባድ ነው። ወደ ደቡብ ብትሄዱ የወልዲያ ዳገት 600 ሜትር ያህል ይጠብቃችኋል፤ ወደ ሰሜን ግራካሱ አለ። ከሮቢት እስከ ዋጃ ያለው ሜዳ ብቻ ነው ለአዲስ ሞተር የሚራራው።

እህል ሲሆን

ይህ ሁሉ የሹፌርና የሜካኒክ ጨዋታ ሊመስል ይችላል። በ1977 ዓ.ም. ግን የሕይወት ጉዳይ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲው ማይክል ቡርክ ከኮረም ያቀረበው ዘገባ ዓለምን ባስደነገጠ ጊዜ፣ ኮረም ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የተራቡ ሰዎች ተሰብስበው ነበር። እርዳታው ወደብ ላይ ደረሰ ማለት ሰው በላ ማለት አልነበረም። ከአሰብ በኮምቦልቻና በደሴ፣ ከዚያም በወልዲያና በቆቦ አድርጎ የሚመጣ ኩንታል የመጨረሻውን 1,000 ሜትር መውጣት ነበረበት። አንድ የተቃጠለ ጓርኒሲዮን 100 ኩንታል እህል ኩርባ ላይ ሊያስቆም ይችላል። የረሃብ ታሪካችን ስለ ፖለቲካው፣ ስለ ድርቁና ስለ ዘፋኞቹ ብዙ ጽፏል። መኪናውን ቆቦ ወይም አላማጣ ላይ በሌሊት ፈትቶ ለንጋት ስላደረሰው ሰው ግን እምብዛም አልጻፈም።

ዛሬ አዳዲሶቹ የጭነት መኪኖች ተርቦ አላቸው፤ ዳገቱም እንደ ድሮው አያስፈራም። ፓይክስ ፒክ ላይ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ክብረ ወሰኑን የሰበረው፣ በ7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፎልክስቫገን ነው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ከፍታ አይሰርቀውም። ኢትዮጵያም በዚህ በኩል ፈጥናለች፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። የናፍጣ ሞተር ግን ከራያ ገና አልወጣም። ጭነት ይጎትታል፣ በቆቦ ሜዳም ለመስኖ ውሃ ይስባል። ፓምፕ የሚያዞር ሞተር እንደ ዳገት ሞተር ነው፤ ቆሞ፣ ያለ ነፋስ፣ ለሰዓታት ይሠራል።

የዚህ ሙያ ቤተ መዛግብት በእጅ ውስጥ ያለ ነው። ስንት ልክ ሲበላ ይሞረዳል፣ ፖምፓው ለየትኛው ከፍታ ምን ያህል ይቀነሳል፣ የትኛው ጉድጓድ ውሃ ኖራ ይበዛዋል የሚለው ዕውቀት በአብዛኛው ወረቀት ላይ የለም። ትሬንታ ኳትሮን የፈቱት ሰዎች ዛሬ የሉም ማለት ይቻላል፤ ኤንትሬን የፈቱት ግን አሉ፣ አርጅተዋል። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የታሪክና የሜካኒካል ምህንድስና ትምህርት ክፍሎች አሉ። ሁለቱ አብረው፣ አንዱ መቅረጸ ድምፅ ሌላው መለኪያ ይዞ፣ አንድ ክረምት ቆቦና አላማጣ ጋራዥ ቢውሉ የሚሰበሰበው ነገር ብዙ ነው።